ስሙን ያልጠየቅሁት ወጥ

ድስቱ ሲጣድ ያላየሁትን ወጥ አልበላም። ይሄን ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ሰርግ ቤት፣ ልቅሶ ቤት፣ ክርስትና ቤት ሳህን ሲቀርብልኝ መጀመሪያ አሸተዋለሁ፤ ቀጥሎ ዘይቱን በጣቴ ጫፍ አሻሽቼ አየዋለሁ፤ ቀጥሎ ያቀረበችልኝን ሴት ዓይን ዓይኗን አያታለሁ። ዓይኗን ከሰበረች በቃ፣ "ሆዴን አሞኛል" እላለሁ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለ አበሻ በሙሉ ሆዷን የሚያማት ሴት ብሎ ነው የሚያውቀኝ። ሆዴ ግን ድንጋይ ቢሰጡት ይፈጫል። እኔ የማላምነው የሰው እጅ ነው።

ይሄን ጠባይ ስደት አመጣብኝ ብል ውሸት ይሆናል። መተማ ሳለሁም እንዲሁ ነበርኩ፤ እናቴ ድግስ ስትወስደኝ "ዛሬስ አታሳፍሪኝ" እያለች ነበር። እዚህ ስመጣ ግን ባሰብኝ። ገዳሪፍ የሰሊጥ አገር ናት፤ ሰሊጡ ዓይኔ እያየ በመኪና ተጭኖ ያልፋል፣ እኔ ግን የሱቅ ዘይት አልገዛም። ጀሪካኔን ይዤ መጭመቂያው ድረስ እሄድና ዘይቱ ከማሽኑ እስኪወርድ ቆሜ እጠብቃለሁ። በጠርሙስ የታሸገው ውስጥ ሞራ እንዳልገባ ማን ምሎ ይነግረኛል? ፉል እወዳለሁ፤ ፉል ሻጩ ግን እጁ ፈጣን ነው፣ ሳትጠይቀው አይብ ነስነስ ያደርግበታል። ስለዚህ ከጎኑ ቆሜ እጁን እጠብቃለሁ። ጠዕሚያ የሚሉት የሽምብራ ጥብስ መልካም ነገር ነው፤ ግን በዚያ ዘይት ጠዋት ምን ሲጠበስበት እንደነበረ ስለማላውቅ ቀርቶብኛል። በወረቀት የምትጠቀለለዋን፣ ዶሮ የተሳለባትን ቅመምማ ቤቴ አላስገባትም። ውስጧ ዶሮ ከሌለ ዶሮዋ ምን ልታደርግ ተሳለች?

ቤቴ የሚበላው የማውቀው ነው። ሽሮዬን ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ ቆልቼ፣ ወፍጮ ቤትም ከእኔ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቄ ነው የማስፈጨው። እንጀራው የፈተሪታ ማሽላ ነው፤ ጤፍ ከመተማ ሲሻገር እደባልቅበታለሁ፣ ካልተሻገረም ተመስገን ነው። ሽሮ ቀጠን ብሎ፣ ነጭ ሽንኩርቱ በዛ ብሎ፣ ሲፈላ ክዳኑን ገፋ ገፋ ሲያደርግ ነው የምወደው። ጥቅጥቅ ያለ ሽሮ የሰነፍ ሴት ሽሮ ነው። በጾም ደግሞ እየቀመስኩ አልሠራም፤ ጨውን በአፍንጫዬ ነው የምለካው። ይሄን ሳወራ የሚያምነኝ የለም፣ ግን እውነት ነው። ጨው ያነሰው ወጥ እሳት ላይ ሰዓት ቢቆይም ሽታው ጥሬ ጥሬ ይላል።

የምንኖረው ሃጃ ግቢ ውስጥ ነው። ሃጃ የቤቱ ባለቤት ናት፤ ሰባ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። ሴቶች ልጆቿ አንዷ ፖርት ሱዳን፣ አንዷ ባሕር ማዶ አግብተው እሷ ብቻዋን ቀርታለች። እኔና ልጄ በግቢው ጥግ ባለችው አንዲት ክፍል ነን፤ ከእሷ ቤት የሚለየን በር ያለው የቆርቆሮ አጥር ነው። ደግ ሴት ናት። ደግነቷ ግን በሳህን ነው የሚመጣው፣ የእኔም ችግር እሱ ነው።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትልክልኝ ኖራለች። አንዳንዴ ገንፎ መሳይ አሲዳ መሐሉ ላይ ቀይ ነገር ተደፍቶበት፣ አንዳንዴ እንጀራን አሳስተው የጋገሩት የሚመስል ኪስራ ተጣጥፎ፣ ለረመዳንማ ትሪ ሙሉ። በሁለት እጄ እቀበላለሁ፣ ሹክረን እላለሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ። ዞር ስትል ሳህኑን በነጠላዬ ሸፍኜ አወጣዋለሁ፤ ድሮ ለሰፈሩ ዘበኛ፣ ኋላ ደግሞ በጦርነቱ ከካርቱም ተፈናቅለው ከመንገዱ ማዶ ለሰፈሩት ሰዎች። ሳህኑን አጥቤ ስመልስ ጣፈጠሽ ወይ ትለኛለች፤ በጣም እላታለሁ። በአስራ አንድ ዓመት አንድ ጉርሻ አልቀመስኩላትም።

ንቀት አይደለም። እኛ ባርከን ያላረድነውን ሥጋ አንበላም፤ የእኛ አገር እስላሞችም የእኛን አይበሉም፣ በዚህ ማንም አይቀያየምም። እዚህ ከተማ ሥጋ የምቀምሰው ለገናና ለፋሲካ አበሾች ተሰባስበን ቅርጫ ስንገባ ነው። ከዚያ ውጭ ሥጋ ቤት ደጃፍ አልቆምም። በዚህ የተነሳ አረብኛዬም የሻይ አረብኛ ሆኖ ቀረ። ሻይ ነው የምሸጠው፤ ስኳር አብዢ፣ ስኳር አሳንሺ፣ ዝንጅብል ጣል አድርጊበት፣ ዝርዝር የለኝም፣ ይሄን ይሄን ማንም አይበልጠኝም። በሥጋ በኩል ግን የማውቀው ላሕም የምትለዋን አንድ ቃል ነው። ለማልበላው ነገር ስም ምን ያደርግልኛል ብዬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ልጄ አንድ ናት። አባቷን ካላዛር የሚሉት በሽታ ሲወስደው ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አስራ ሰባት ሆኗታል። ገዳሪፍ ነው ያደገችው። አማርኛ ትጀምርና መሐሉ ላይ አረብኛ ውስጥ ትገባለች፣ እኔ መንገድ ላይ እቀራለሁ። ሃጃን "ሀቦባ" ነው የምትላት፤ አያቴ ማለት ነው። ሀቦባ ስትል ድምፅዋ ልስልስ ይላል። እኔን ስትጠራ እንደዚያ አይልም፤ ይሄም ይቆጠቁጠኝ ነበር፣ አልዋሽም።

የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔ ሻይ ላይ እውላለሁ፣ ትምህርት ቤቱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት እሷ ግቢ ትውላለች። አባት የሌላት ልጅ፣ በሰው አገር፣ ያውም ቆንጆ። አንዱ አታልሎ ቢያበላሽብኝ ለማን አቤት እላለሁ? ልጄ ከእጄ ከወጣች እኔ እዚህ አገር የቀረኝ ማንቆርቆሪያና ብርጭቆ ነው። ከድስቱም ከሰውም ዓይኔን የማላነሳው ለዚህ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ፣ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። እንጀራ አቀርባለሁ፣ ሁለት ጉርሻ ትወስድና "ጠግቤያለሁ" ትላለች። በምን? ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥታ የዋለች የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ በምን ትጠግባለች? ዱሮ አንድ ቀን "ሽሮ ሰለቸኝ" ብላኝ አኩርፌያት ስለነበር ለእሱ ይሆናል ብዬ ጥቂት ቀን ዝም አልኩ። ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታን እኛ አገር ሕፃን ሳይቀር ይጾመዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም ስንፈታ ከእኔ በላይ ሊርባት ሲገባ እሷ እንጀራውን በጣቷ እየቆነጠረች ትጫወትበታለች።

ልፈትናት ብዬ የሽምብራ ዓሣ ሠራሁላት። የሽምብራ ዱቄት አቡክቼ፣ በቢላ ዓሣ ዓሣ አስመስዬ ቆርጬ፣ በሰሊጥ ዘይቴ ጠብሼ፣ በርበሬው በደንብ በበሰለ ወጥ ውስጥ ጨመርኩት። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከልጅነቷ ጀምሮ ከጾም ምግብ እሱን የሚበልጥባት የለም፤ ሕፃን ሆና "ሥጋ ሥጋ ይላል" እያለች ድስቱን በጣቷ ትጠርግ ነበር። አንዷን ዓሣ በላች። ሁለተኛዋን ገመሰቻትና ግማሹን ለእኔ መለሰችልኝ። "ግሩም ነው እማ" አለችኝ፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምስር እንደምለቅም ሰው ቁጭ ብዬ ነገሯን መልቀም ጀመርኩ። አፏ ናና ናና ይሸታል። እኔ ሻይ ሻጭ ነኝ፤ ናናን አስር እርምጃ ርቄ አውቃታለሁ። ከእኔ ቅጠል የወሰደችው አይደለም፣ የእኔን ቆጥሬ ነው የማስቀምጠው። ሴት ልጅ በቀን ናና አኝካ የምትመጣ ለማን ብላ ነው? እጇን ሽታ ባለው ሳሙና ትታጠባለች፣ ያውም እስከ ክርኗ። ጠዋት የለበሰችውን ሸሚዝ ከሰዓት ስመለስ ታጥቦ ገመድ ላይ አገኘዋለሁ። ትናንት የታጠበ ሸሚዝ ዛሬ ምን ነካው ብላት አልቦኝ ነው አለችኝ፤ ስትመልስልኝ ወደ መሬት ነው ያየችው።

ፍልሰታ በገባ በስድስተኛው ቀን ዝናብ የሻይ ቦታዬን አጥለቀለቀውና ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተመለስኩ። ልጄ ክፍላችን ውስጥ የለችም። ቆርቆሮው ሥር ተቀምጬ ብርጭቆዎቼን ማጠብ ጀመርኩ። ከወዲያ ሃጃ ከእህቷ ጋር ታወራለች። እህቷ ከኸሽም ኤል ቂርባ ልትጠይቃት መጥታ የሰነበተች ናት፤ ጆሮዋ ስለሚደክም ሃጃ ጮክ ብላ ነው የምታናግራት።

እንደ ሁልጊዜው ከንግግሩ የያዝኩት ቁርጥራጩን ነው። "ቢንት አልሐበሺያ" አለች፤ የአበሻዋ ልጅ ማለቷ ነው፣ በዚህ ግቢ አበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ቀጥሎ የማላውቀው ብዙ ነገር መጣ። ከዚያ "ሸርሙጥ" አለች። ብርጭቆው እጄ ላይ ቀረ። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ቃል ደገመችና "ኩሉ ዮም" አለች፤ በየቀኑ ማለት ነው። እህቷ ሳቀች። ከዚያ ሃጃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ኡማ ማ ታዕረፍ" አለች። ይቺን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም። እናቷ አታውቅም ነው ያለችው።

እንግዲህ አስቡት። የአበሻዋ ልጅ፣ ያ ቃል፣ በየቀኑ፣ እናቷ አታውቅም። ያ ቃል በአማርኛ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ በአረብኛም ሾፌሮች ሲሰዳደቡበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ናናውም፣ ሳሙናውም፣ ሸሚዙም፣ ያለ እህል መጥገቡም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ለካ የሚያበላት ሌላ ነው። ለካ ግቢው በሙሉ ያውቃል፣ እኔ ደደቧ ናና ስቆጥር እውላለሁ።

በዚያችው ደቂቃ ቆርቆሮውን አንኳኩቼ ሃጃን ምን አልሽ ብላት ኖሮ። አላልኳትም። እንዲያውም እሷንም ጠረጠርኳት። ሞተር የሚነዳ አንድ የወንድም ልጅ አላት፣ አልፎ አልፎ ስኳርና ሽንኩርት ያመጣላታል። ልጄን ለእሱ አመቻችታ ቢሆንስ? አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ ሳህን ለዚህ ቢሆንስ? እዚህ ድረስ ሄድኩ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ያን ጊዜ ግን ሁሉም ነገር ልክ ልኩን የገባኝ ነበር የመሰለኝ።

መተማ ላለው ወንድሜ ደወልኩና ልጅቱን ልልክልህ ነው አልኩት። መንገዱ እንደማያስተማምን፣ ሰው እየታገተ እንደሆነ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን እንደማትሻገር ነገረኝ። እዚህ ከምትቀር መንገዱ ይሻላል አልኩት። ምን ሆና ነው ሲለኝ ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ ልብሷን በአንድ ቦርሳ ከተትኩት፤ ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላዋን፣ ለበዓል የገዛሁላትን ጫማ፣ የትምህርት ቤት ወረቀቷን። ቦርሳውን አልጋው ሥር ገፋሁት። ይሄን ሁሉ ሳደርግ እሷን ገና አንዲት ቃል አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ እንደ ወትሮው ወጣሁ፣ ግን ገበያ አልሄድኩም። ከመንገዱ ማዶ ከተፈናቃዮቹ ዘንድ ተቀምጬ የግቢያችንን በር ጠበቅሁ። የወንድሟ ልጅ በሞተር መጣ፣ ከረጢት አውርዶ ብዙም ሳይቆይ ሄደ። ልጄ ከበሩ ብቅ አላለችም። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ ከበሩ ብቅ ያለ የለም። እንግዲያው ነገሩ ያለው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው አልኩ፣ ሰውየውን በጓሮ አስገብታው ይሆናል። ብድግ ብዬ መንገዱን ተሻገርኩ።

ስገባ ክፍላችን ውስጥ ቆማ ፀጉሯን ትጎነጉናለች። እጇ ሳሙና ሳሙና፣ አፏ ናና ናና።

የት ዋልሽ አልኳት። ጓደኛዋ ቤት ሂሳብ ሲያጠኑ መዋላቸውን ነገረችኝ። ጫማዋን አየሁት። ክረምት ላይ የገዳሪፍን ጥቁር ጭቃ ረግጦ በንጹሕ ጫማ የሚመለስ ሰው የለም፤ እግርን እስኪያከብድ ነው የሚለጠፈው። የእሷ ጫማ አቧራ እንኳ አልነካውም። ከጠዋት ጀምሬ በሩ ማዶ ተቀምጫለሁ አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። ሳታስበው ይመስለኛል፣ ወደ ሃጃ ቆርቆሮ ዞር ብላ አየች።

ያቺ አስተያየት በቃችኝ። ክንዷን ይዤ ወደ ግቢው አወጣኋትና ያን ቃል ጠራሁባት። "ሸርሙጣ" አልኳት። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ቢሆን መልካም ነበር። ሃጃ ለእህቷ ስትነግራት በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አገር ያወቀውን እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው እያልኩ፣ በየመሐሉ ያን ቃል እየጨመርኩ፣ ከመንገድ እስኪሰማ ጮህኩ። አላለቀሰችም። አፏን ገርበብ አድርጋ ታየኛለች፣ ከንፈሯ ነጥቶ።

የቆርቆሮው በር ተከፈተና ሃጃ መጣች። እኔ ትናንት ከእሷ ንግግር ቁርጥራጩን እንደያዝኩ፣ እሷም ከእኔ ጩኸት የገባት አንድ ቃል ብቻ ነበር። በአንድ እጇ ክዳኑ የተገጠመ ድስት ይዛለች፣ በሌላው እጇ የደረቀ ጥቁር ነገር፣ እንደ ጠፍር የተጠማዘዘ። ዓይኗ ስለደከመ መሬቱን በእግሯ እየዳበሰች ነው የምትራመደው። አጠገቤ ስትደርስ ድስቱን እግሬ ሥር አስቀመጠች።

"ሳምሒኒ ያ ኡኽቲ" አለችኝ። ይቅር በይኝ እህቴ ማለት ነው። የደረቀውን ነገር ከፍ አድርጋ እያሳየችኝ "ሸርሙጥ" አለች። ወደ ልጄ ጠቆመች፣ ወደ ራሷ ዓይን ጠቆመች፣ ጣቷን ምላሷ ላይ አደረገች። ፊቷ ላይ ያለው የሌባ ፍርሃት ነው፤ ተደርሶብኛል የሚል ፊት።

ልጄ ወዲያው አልተረጎመችልኝም። ሃጃ ሁለት ጊዜ ወደ እሷ ዞራ ለመነቻት። ከዚያ ልጄ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ አንዲት አረብኛ ሳታስገባ ተናገረች።

"ቋንጣውን ነው የምትልሽ። ቋንጣ በእነሱ ሸርሙጥ ነው። ዓይኗ አላይ ስላላት እኔ ነኝ የምሠራላት። መጀመሪያ ለጨው ብቻ እቀምስ ነበር፤ ኋላ በላሁ። ለእህቷም ትናንት ያለቻት ይሄንን ነው፣ እዚያው ነበርኩ። የአበሻዋ ልጅ ሸርሙጥ ከእኔ አሳምራ ትሠራለች፣ በየቀኑ ትበላለች፣ እናቷ አታውቅም ብላ።"

ሃጃ አጎንብሳ ክዳኑን አነሳችው። ቋንጣው ተወቅጦ፣ ከቲማቲምና ከደረቀ የባሚያ ዱቄት ጋር ተዋሕዶ፣ ቀላ ብሎ ይታያል። ሽታው መጣብኝ። ጨዉ ልክ ነበር፤ ሽንኩርቱም እኔ ባስተማርኳት መንገድ፣ ዘይት ሳይነካው በፊት በውሃ የተቁላላ ነው። የልጄ እጅ መሆኑን ዓይኔን ብታስሩኝም አውቀው ነበር።

ያን ጊዜ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ተመስገን ቢሆን ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ልጄ ልጄ ናት፣ ማንም አልነካትም፣ ቋንጣ ነው የበላችው። መሬት ስሜ መነሳት ነበረብኝ። እኔ ግን "በፍልሰታ?" አልኩ። ድምፄም የይቅርታ ድምፅ አልነበረም። በፍልሰታ፣ ባርከን ባላረድነው፣ የእኔ ልጅ፣ እኔ አይብ እንዳይነካኝ ብዬ የሰው እጅ ስጠብቅ ስውል። ፊቴ ላይ ምን እንደነበረ እኔ አላየሁትም። እሷ አየችው።

ሃጃ ጭቅጭቁ ያለቀ መስሏት ትከሻዬን ዳበሰችኝ። ዳግመኛ አላበላትም እንደማለት እጇን አራግፋ፣ ድስቱን እዚያው ትታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ልጄን ምን ብዬ እንደጠራኋት እስካሁን የምታውቅ አይመስለኝም። ልጄም አልነገረቻትም።

ክፍላችን ገባን። ልጄ ሸሚዟን ልትቀይር ሳጥኗን ከፈተች፣ ባዶ ነው። ዞር ዞር ብላ አየችና የቦርሳውን ማንገቻ አልጋው ሥር አገኘችው።

"ወዴት ነው?" አለችኝ።

አጎትሽ ጋ፣ መተማ ነበር አልኳት። መቼ ነው ያሰርሽው አለችኝ። ትናንት አልኳት። ጣቷን የምትቆጥር ይመስል እጇን አየችና፣ መንገዱን ታውቂዋለሽ አይደል አለችኝ። አውቀዋለሁ አልኩ። ስለ ሥጋው ልቆጣት ፈለግሁ፣ ስለ ውሸቷም ልቆጣት ፈለግሁ፤ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ብትነግረኝ ምን እንደማደርግ ሁለታችንም እናውቃለን።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስትናገር አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ እማ። ሥጋውን እንደበላሁ አሁን አወቅሽ። ትናንት ደግሞ ያንን ነሽ ብለሽ አምነሽ ነበር። ከሁለቱ አንዱ እውነት ይሁን፣ ምረጪ ብትባዪ፣ የትኛው ይሻልሽ ነበር?"

የዚህን መልስ ለማወቅ እናት መሆን እንኳ አያስፈልግም። ሥጋው ነው የሚሻለኝ ማለት ነበረብኝ፣ እሷ ጠይቃ ሳትጨርስ። ግን ፍልሰታው መጣብኝ፣ ንስሐ አባቴ መጡብኝ፣ ቅርጫ ላይ አብረውኝ የሚቀመጡት ሴቶች ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መጣብኝ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀድቶ ስኳር እስኪጨመርበት ድረስ አይሆንም።

"ሥጋው ነዋ፣ ምን ማለትሽ ነው" አልኳት በመጨረሻ።

"አሰብሽበት" አለችኝ።

አላሰብኩም ልላት ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ስለነበር አልቻልኩም። ቦርሳውን ከአልጋው ሥር ስባ አወጣችና ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችው። ግቢው መሐል ቆም ብላ ድስቱን ከነክዳኑ አነሳችና በቆርቆሮው በር ሃጃ ጋ ገባች።